በወረርሽኝ ጊዜ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪው ራሱ እንዳይያዝ፦ ለፋብሪካና ለመሥሪያ ቤት የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ልብስ ስፌት መስመር ላይ አንዲት ኦፕሬተር ማሽኗ ላይ ድፍት አለች። የፈረቃው እርዳታ ሰጪ እየሮጠ ደረሰ። ተንበረከከና ጆሮውን አፏ ላይ ደቅኖ ትንፋሿን አዳመጠ። ማስኩ አገጩ ላይ ነበር፤ ጓንቱ የኋላ ኪሱ ውስጥ። ልጅቷ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነቃች። ሁዳዴ ነበርና ባዶ ሆድ ይሆናል ተባለ። በሦስተኛው ቀን ሳል ጀመራት። በስምንተኛው ቀን እሱ አልጋ ላይ ነበር።

ይህን ያየሁት በ2013 ዓ.ም. ኮቪድ በበረታበት ሰሞን ነው። ከእሷ ይሁን ከታክሲ ይያዝ ማን ያውቃል። ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ሳሠለጥን ስህተቱ የሚከማችበት ቦታ ሁሌም ሁለት ነው። አንደኛው ገና ሲደርሱ ያሉት ዐሥር ሴኮንዶች ናቸው። ሁለተኛው ሥራው ካለቀ በኋላ ጓንትና ማስክ ሲወልቅ ነው። መሃሉን አብዛኛው ሰው ይችለዋል። ስለዚህ እዚህም ብዙ የምቆየው በሁለቱ ጫፎች ላይ ነው።

መመሪያው በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ፣ እንደ ኮቪድ ወይም እንደ ከባድ ጉንፋን ላለው የተዘጋጀ ነው። በደምና በሰውነት ፈሳሽ ለሚተላለፍ፣ እንደ ማርበርግ ላለው በሽታ ሌላ ሕግ አለ፤ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

ደረጃ 1፦ ማን እንደሚነካ አስቀድማችሁ ወስኑ

1. በየፈረቃው ቢያንስ ሁለት እርዳታ ሰጪ መድቡ። አንዱ "የሚነካው" ነው፤ ሌላው "የማይነካው"። የማይነካው ሁለት ሜትር ርቆ ይቆማል። ስልክ ይደውላል፣ ሰው ያርቃል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ዕቃ ያቀብላል። ሁለቱም ተጎጂው ላይ ከተደፉ ሁለቱም ለበሽታው ተጋለጡ ማለት ነው። ነገ እርዳታ ሰጪ የላችሁም።

2. አስም፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበትን፣ ነፍሰ ጡር የሆነችውን "የማይነካው" ቦታ ላይ አድርጉ። ስማቸውን ከዝርዝሩ አትሰርዙ። ሚናውን ብቻ ቀይሩ። የጤና ጉዳዩን ደግሞ በስብሰባ ላይ አትጠይቁ፤ ለብቻ፣ በጸጥታ ይሁን።

3. ሳል፣ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ያለበት እርዳታ ሰጪ ያን ቀን ተረኛ አይደለም። "ቀላል ጉንፋን ናት" የሚባል ነገር የለም።

4. ክትባት አስጨርሱ። ለወረርሽኙ ክትባት ከመጣ እርዳታ ሰጪዎች ቅድሚያ እንዲያገኙ ጠይቁ። ደም ለሚነካ ሰው የጉበት በሽታ (ሄፓታይተስ ቢ) ክትባትም ያስፈልገዋል። ሦስት ጊዜ ይወጋል፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላና ከስድስት ወር በኋላ። ወረርሽኝ ሲመጣ ልጀምር ካላችሁ አይደርስም።

5. ጢም ያለው ሰው ኤን-95 ማስክ (አየር የሚያጣራ፣ ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም ማስክ) ፊቱ ላይ አይገጥምለትም፤ አየሩ በጎን ይገባል። ወይ ይላጭ፣ ወይ "የማይነካው" ይሁን። በእምነቱ ጢሙን የማይነካ ሰው ካለ ክርክር አያስፈልግም፤ ስልኩን ስጡት።

ደረጃ 2፦ ቦርሳው

ብዙ ፋብሪካ ውስጥ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን አለ። ቁልፉ ሱፐርቫይዘሩ ጋ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ምሳ ወጥቷል። ይህን ያላየ ካለ እጁን ያውጣ!

ሳጥኑ እንዳለ ይሁን። ነገር ግን እያንዳንዱ ተረኛ ወገቡ ላይ የሚያስራት ትንሽ ቦርሳ ስጡት። ውስጧ ይህ ብቻ ይኑር፦

- ሁለት ጥንድ ጓንት፣ በራሱ ልክ
- አንድ ኤን-95 (ወይም ኬኤን-95፣ ወይም ኤፍኤፍፒ2) ለራሱ
- ሁለት የሕክምና ማስክ ለተጎጂው
- የዓይን መከላከያ መነጽር
- ትንሽ ሳኒታይዘር

የቀረው ትልቁ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፦ የፕላስቲክ ሽርጥ፣ ጎዝና ፋሻ፣ ንጹሕ ነጠላ ወይም ፎጣ፣ ቢጫ የቆሻሻ ከረጢት፣ ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ የትንፋሽ መስጫ ማስክ፣ ደብተርና እስክሪብቶ። ሳጥኑ አይቆለፍ። ፕላስተር ይሰረቃል ብላችሁ ከፈራችሁ በቀላሉ የሚበጠስ ማሰሪያ አድርጉበት። የተበጠሰ ዕለት ሰው እንደከፈተው ታውቃላችሁ።

ሲገዛ ልብ በሉ። ሳኒታይዘሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ አልኮሉ ከ60 በመቶ በታች ከሆነ አትውሰዱ። ሽታው ስለከበደ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም። ማስኩን ካውያና ቦይለር አጠገብ አታስቀምጡ፤ ሙቀት ላስቲኩን ያላላዋል። ሳኒታይዘርም እንደ ቤንዚን ተቀጣጣይ መሆኑን አትርሱ።

በረኪናውን በልኩ በጥብጡ

ሱቅ የሚሸጠው በረኪና ብዙ ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ነው፤ ጠርሙሱን አንብባችሁ አረጋግጡ። 5 በመቶ ከሆነ ልኩ እንዲህ ነው፦

- ደምና ትውከት ለፈሰሰበት (0.5 በመቶ)፦ 1 ኩባያ በረኪና በ9 ኩባያ ውሃ
- ለጠረጴዛ፣ ለእጀታ፣ ለወለል (0.1 በመቶ)፦ 100 ሚሊ ሊትር በረኪና ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ውስጥ ጨምሩና እስኪሞላ ውሃ

በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፤ የትናንቱ ኃይሉ ይቀንሳል። ጄሪካኑ ላይ ምን እንደሆነና ቀኑን ጻፉበት። አለበለዚያ አንድ የጠማው ሰው ያነሳዋል። በረኪናን ከአልኮል፣ ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሰው ላይም አትርጩ። በኮቪድ ጊዜ በር ላይ ሠራተኛ ላይ የሚረጩ ነበሩ። ዓይንና ቆዳ ከማቃጠል ሌላ ጥቅም የለውም።

የእርድ ልምምድ

ጓንት ማውለቅ በንግግር አይማሩትም። እርድ በውሃ በጥብጡና ጓንት ያጠለቀ ሰው እጁን ነክሮ እንዲያወጣ አድርጉ። ከዚያ "አውልቅ" በሉት። ሲጨርስ እጁን፣ አንጓውን፣ እጅጌውን፣ አገጩን እዩ። ቢጫ ያለበት ቦታ ሁሉ ቫይረስ የሚያርፍበት ነበር። መጀመሪያ ቀን ንጹሕ ሆኖ የወጣ ሰው ገና አላየሁም። ሦስት አራት ጊዜ ሲደግሙት ይጠራል። በየወሩ ድገሙት።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ሴኮንዶች

1. ቁሙ። ሁለት ሜትር ሲቀራችሁ ቁሙ። ኤሌክትሪክ፣ የሚሽከረከር ማሽን፣ የሚወድቅ ዕቃ አለ? መጀመሪያ እሱን አስጠፉ።

2. ከዚያው ሆናችሁ ተናገሩ። "እህቴ፣ ትሰሚኛለሽ? ምን ሆንሽ?" መልስ ከሰጠች ትተነፍሳለች ማለት ነው። ለመልበስ ጊዜ አላችሁ። ወደ ደረጃ 4 ትሄዳላችሁ።

3. ስልካችሁን ለማይነካው ስጡት። አሁኑኑ፣ ጓንት ሳታጠልቁ። ስልኩ ኪሳችሁ ውስጥ ከቀረ ይጮኻል። ሲጮኽ ደግሞ እጅ ራሱ ይሄዳል።

4. ልበሱ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ እጅን በሳኒታይዘር፣ ሽርጥ (ካስፈለገ)፣ ማስክ፣ መነጽር፣ በመጨረሻ ጓንት። ኤን-95 ከሆነ ሁለቱንም ላስቲክ እሰሩ። የአፍንጫውን ሽቦ በሁለት እጅ ተጫኑ። በሁለት መዳፍ ሸፍናችሁ በኃይል ተንፍሱ። አየሩ ዓይናችሁ ላይ ከነፈሰ አልገጠመም፤ ሽቦውን እንደገና ተጫኑ።

5. ሰው አርቁ። ይህ የማይነካው ሥራ ነው። "እባካችሁ ወደ ኋላ! አየር ስጧት!" እኛ አገር አንድ ሰው ሲወድቅ ሃያ ሰው ይከባል። ሃያውም ያወራል። በሩና መስኮቱ ይከፈት። ቬንትሌተር ካለ ከተጎጂው ወደ እናንተ እንዳይነፍስ አዙሩት።

6. አምቡላንስ። የቀይ መስቀል 907፣ አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና አደጋ 939። ሲደወል ትኩሳት ወይም ሳል እንዳለ ተናገሩ፤ የሚመጡትም ለብሰው ይምጡ። ቁጥሮቹ እናንተ አካባቢ እንደሚሠሩ ዛሬ ደውላችሁ አረጋግጡ እንጂ አደጋ ቀን አትሞክሯቸው።

ደም እየጎረፈ ወይም ትንፋሽ ከሌለስ? ሽርጡን ተዉት። ማስክና ጓንት ብቻ። የተለማመደ ሰው ከዐሥራ አምስት ሴኮንድ በላይ አይፈጅበትም። ያለ ማስክና ያለ ጓንት ግን አትግቡ።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

- *ጓንቱን በአፍ መንፋት።* ጣቶቹ ሲጣበቁ ሰው ሁሉ "እፍ" ይልበታል። እጁ ንጹሕ እንዲሆን የሚያጠልቀውን ነገር በምራቁ ይጀምረዋል። በሁለት እጅ ይዛችሁ በአየር ላይ ወዝውዙት፤ ይከፈታል።
- *ጓንት ተቀደደ።* ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ። አውልቁ፣ ሳኒታይዘር፣ አዲስ አጥልቁ። በተቀደደው ላይ ሌላ አትደርቡ።
- *ማስኩ አንድ ብቻ ነው።* እናንተ አድርጉት። ለተጎጂዋ የራሷን ነጠላ ወይም ሻርፕ አፍና አፍንጫዋ ላይ ጣል አድርጉላት። ነውር አይደለም።
- *ማስኩ ወረደ።* በጓንት አትመልሱት። ራቁ፣ ጓንቱን አውልቁ፣ እጃችሁን አጽዱ፣ አስተካክሉ፣ አዲስ ጓንት አጥልቁ።
- *ሰው ተንቀጥቅጦ ሲወድቅ ክብሪት መጫር።* የሚጥል በሽታ ላለበት ክብሪት አፍንጫው ሥር የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም። አይጠቅመውም። ይባስ ብሎ ፊታችሁን ከፊቱ ጋር ያገናኛል፤ በሳኒታይዘር የረጠበ እጅም እሳት ይይዛል። ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ዙሪያውን አጽዱለት። አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። እስኪያልፍለት ራቅ ብላችሁ ሰዓት ያዙ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ።

ደረጃ 4፦ ሳይነኩ መርዳት

መናገር ለሚችል ሰው አብዛኛውን እርዳታ ራሱ ለራሱ ሊያደርገው ይችላል። እናንተ አሠልጣኝ ናችሁ። ይህ ለብዙ ሰው ከባድ ነው፤ ሰው ተጎድቶ እያዩ እጅ አጣጥፎ መቆም ጭካኔ ይመስላል። ግን አይደለም።

የስፌት መርፌ ጣቷን ወጋት እንበል። ጎዙን ከነመጠቅለያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። "አይዞሽ እህቴ፣ እዚሁ ነኝ። ጣትሽን ቧንቧው ሥር ያዢው። ጎበዝ። አሁን ጎዙን አንሺና አጥብቀሽ ጫኚው። እጅሽን ከፍ አድርጊ።" ደሙ ሲቆም ፕላስተሩንም ራሷ ትለጥፋለች። መርፌው ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ ግን ማንም እንዳያወጣው፤ ሸፍና ወደ ክሊኒክ ትሂድ።

ካውያ ያቃጠለው ሰው እጁን ራሱ ቧንቧ ሥር ለ20 ደቂቃ ይያዝ። ነስር የያዘው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል 10 ደቂቃ ቆንጥጦ ይያዝ፤ ወደ ኋላ አይጋደም። ዓይኑ ውስጥ ብናኝ የገባበት ራሱ ይታጠብ።

መንካት ግድ ሲሆን፦

1. መጀመሪያ ለተጎጂው ማስክ ስጡት፤ ራሱ ያድርግ። ትንፋሽ ካጠረው፣ ካስመለሰው ወይም ራሱን ከሳተ ማስክ አታድርጉበት።
2. ከፊት ለፊት አትቁሙ። በጎኑ ተንበርከኩ። ራሳችሁ ከአፉ በላይ አይሁን።
3. "ፊትህን ወደዚያ አዙርልኝ ወንድሜ" ማለት ይቻላል። አይከፋውም።
4. የምትጠይቁትን ከመቅረባችሁ በፊት ከሩቅ ጨርሱ። ከቀረባችሁ በኋላ አጭር ይሁን።
5. የሚነካውን ጨርሳችሁ ወደ ሁለት ሜትር ተመለሱ። አምቡላንስ እስኪመጣ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ እጁን መያዝ አያስፈልግም። በድምፅ አጽናኑት።

ደረጃ 5፦ የማይተነፍስ ሰው

1. ጆሮና ጉንጫችሁን አፉ ላይ አታስጠጉ። ከጎን ሆናችሁ ደረቱንና ሆዱን እዩ፣ ከዐሥር ሴኮንድ ላልበለጠ ጊዜ። አልፎ አልፎ እንደ ዓሣ አየር መዋጥ ትንፋሽ አይደለም።
2. አፍና አፍንጫው ላይ ነጠላ ወይም ፎጣ ጣል አድርጉ። አትጠምጥሙት።
3. የደረቱ መሃል ላይ፣ ሁለት እጅ አነባብራችሁ ጫኑ። ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ከእያንዳንዱ በኋላ ደረቱ ወደ ቦታው ይመለስ።
4. አዋቂ ከሆነ አፍ ለአፍ ትንፋሽ አትስጡ። ሳታቋርጡ መጫን ይበቃል።
5. በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ። በኤን-95 ውስጥ ሆኖ ደረት መጫን ቶሎ ያደክማል። የሚተካው ማስክና ጓንት አድርጎ ዝግጁ ይሁን። "የማይነካው" ከተካ ስልኩን ለሌላ ሰው ያስረክብ።
6. የልብ ማስነሻ መሣሪያ (ዲፊብሪሌተር) ካላችሁ ቶሎ ይምጣ። እጃችሁ ላይ ያለው ሳኒታይዘር ይድረቅ፤ ብልጭታና አልኮል አይስማሙም።

ሕፃን ከሆነ ነገሩ ይለያል። መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ ካለው ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ሕፃን ልቡ የሚቆመው ብዙ ጊዜ አየር አጥቶ ስለሆነ ትንፋሹ ራሱ መድኃኒቱ ነው። ውሃ የበላው ሰውም እንዲሁ። 30 ጊዜ ጫኑና በቫልቭ ማስኩ 2 ትንፋሽ ስጡ። አደጋ የለውም አልልም። የሠለጠነውና ፈቃደኛ የሆነው ሰው ይወስን፤ ማንም አያስገድደው።

ለታነቀ ሰው፦ የሚያስል ከሆነ አበረታቱት፣ እናንተ ከኋላው ሁኑ። ማሳል ካቃተው ወደ ፊት አጎንብሳችሁ ትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ ምቱት። ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ሆዱን ከእምብርት በላይ አምስት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቡ። ምግቡ ሲወጣ ከትንፋሽ ጋር ነው፤ ከፊቱ ማንም አይቁም።

ደረጃ 6፦ ማውለቅ

አምቡላንሱ ሄዷል። ልባችሁ ይመታል፣ ላባችሁ ይወርዳል። ሰው እየመጣ "እግዜር ይስጥህ፣ ነፍስ አዳንክ" እያለ ሊያቅፋችሁ ይፈልጋል። ከነጓንታችሁ እጅ መጨባበጥ ሊከተል ነው። ማንም አይጠጋ። ገና አልጨረሳችሁም።

አንድ ቋሚ ቦታ ይኑራችሁ፦ ክዳን ያለው በእግር የሚከፈት ቅርጫት፣ ቢጫ ከረጢት፣ ሳኒታይዘር፣ ቧንቧ ቅርብ። ከረጢቱን የማይነካው አስቀድሞ ይክፈተው። (ፌስታል ለመክፈት ጣት መላስ ይቁም። ጓንት ያደረገ ሰው ከልማዱ ጣቱን ወደ ምላሱ ሲያነሳ በዓይኔ አይቻለሁ።) የማይነካው ሁለት ሜትር ርቆ የሚከተለውን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ እናንተ ተከተሉ። "አውቀዋለሁ" አትበሉት።

1. ጓንት። በቀኝ ጣቶች የግራውን ጓንት አንጓ ላይ፣ ከውጭ በኩል ቆንጥጡ። ቆዳችሁን አትንኩ። ወደ ጣት ገልብጡና አውጡት፤ ውስጡ ወደ ውጭ ይወጣል። የወለቀውን ቀኝ መዳፋችሁ ውስጥ ጨብጡት። አሁን ባዶ የሆነውን የግራ ጣት ከቀኙ ጓንት *ሥር*፣ በቆዳውና በጓንቱ መካከል አስገቡ። ገልብጣችሁ አውጡ። ሁለቱም አንድ ኳስ ሆነው ይወጣሉ። ቅርጫት ውስጥ። አትወርውሩ፤ አስቀምጡ።
2. ሳኒታይዘር፣ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ። የጣት መሃልና አውራ ጣት አይረሳ።
3. ሽርጥ። የአንገቱን ማሰሪያ በጥሱ። ፊቱ ወደ ውስጥ እንዲሆን ከላይ ወደ ታች ጠቅልሉ፣ የወገቡን በጥሱ፣ ጣሉ። እንደገና ሳኒታይዘር።
4. መነጽር። ከጆሮ በስተኋላ ያዙ። ጎንበስ ብላችሁ ወደ ፊት አውጡ። የሚታጠብ ከሆነ ለብቻው ዕቃ ውስጥ።
5. ማስክ። ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ጎንበስ በሉ። መጀመሪያ የታችኛውን ላስቲክ፣ ቀጥሎ የላይኛውን። ፊት ለፊቱን አትንኩ። ላስቲኩን እንደያዛችሁ ጣሉ። ኪስ ውስጥ አይገባም፤ ለነገ አይቀመጥም።
6. ውሃና ሳሙና፣ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ። ከዚያ በኋላ ነው ስልክ፣ ውሃ መጠጣት፣ መቀመጥ።

ሲበላሽስ?

- *ባዶ ጣት የጓንቱን ውጭ ነካ።* አትደንግጡ። ቁሙ፣ ያን እጅ በሳኒታይዘር አጽዱ፣ ከቆማችሁበት ቀጥሉ። ችግሩ ነክቶ ዝም ማለት ነው።
- *አፍንጫ በላ።* ይብላ። ወይም የማይነካው ንጹሕ ሶፍት ያቀብላችሁና እጃችሁ ከጸዳ በኋላ ብቻ።
- *የማስኩ ላስቲክ ተበጠሰና ፊት ላይ ጠፍ አለ።* ፊታችሁን በውሃና በሳሙና ታጠቡ። መዝገቡ ላይ ጻፉት።
- *ልብስ ላይ ደም ወይም አክታ አለ።* ወደ ውስጥ አጥፋችሁ አውልቁ፣ ከረጢት ውስጥ፣ ለብቻ በሙቅ ውሃና ሳሙና ይታጠብ። ቤት ይዛችሁ አትሂዱ። ለዚህ አንድ ትርፍ ቱታ ሁሌ ይኑር።

ደረጃ 7፦ ቦታው

መስኮቱ ክፍት ይሁን። አዲስ ጓንትና ማስክ ያደረገ ሰው ደሙን በጨርቅ ወይም ወረቀት ያንሳ። ከዚያ 0.5 በመቶ በረኪና ያፍስስበት፣ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ይጥረገው። መጀመሪያ ሳያነሱ በረኪና ማፍሰስ ደሙ ኃይሉን እንዲበላው ማድረግ ነው። ማሽን ላይ ከሆነ በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ይወልወል፤ በረኪና ብረት ያዝጋል።

ስፌት ፋብሪካ ላላችሁ አንድ ነገር፦ ያን መስመር በአየር ጠመንጃ አትንፉ። ብናኝ ለማጽዳት በየሰዓቱ የምትነፉት ያው ነገር ወለል ላይ ያለውን ሁሉ አየር ላይ ያወጣዋል። በደረቅ መጥረጊያም አትጥረጉ።

ቢጫው ከረጢት ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይታሰር፣ ሁለተኛ ከረጢት ውስጥ ይግባ። ስለትና መርፌ ለብቻው ጠንካራ ሳጥን ውስጥ። ቆሻሻው ከተራው ጋር አይወጣም። ከአቅራቢያችሁ ጤና ተቋም ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ።

ደረጃ 8፦ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት

በዚያው ሰዓት መዝገቡ ላይ ጻፉ፦ ቀንና ሰዓት፣ ማን ነካ፣ ምን ለብሶ ነበር፣ ስንት ደቂቃ ቀረበ፣ ምን ተበላሸ። "ምን ተበላሸ" የሚለው ዓምድ ባዶ ከሆነ አላምናችሁም።

ለኮቪድ ዓይነት በሽታ 14 ቀን ራሳችሁን ተከታተሉ። ጠዋትና ማታ ሙቀት ለኩ። ትኩሳት፣ ሳል፣ የማሽተት መጥፋት ካለ ከቤት አትውጡ፤ ለወረርሽኙ ወደተመደበው ነጻ የስልክ መስመር ደውሉ። በኮቪድ ጊዜ 8335 ነበር። አዲስ ወረርሽኝ ሲመጣ የሚሠራውን ቁጥር ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ደም ዓይን ውስጥ ከተረጨ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እጠቡ። በደም የተነካ መርፌ ከወጋችሁ በሳሙናና ውሃ እጠቡ፤ ጣቱን አትጭመቁት፣ በበረኪና አትንከሩት። በዚያው ቀን፣ ቢቻል በሰዓታት ውስጥ ጤና ተቋም ሂዱ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም።

አሠሪዎች፣ ይህች ለእናንተ ናት። እርዳታ ሰጪው ቤት ሲቀር ደመወዙ የሚቆረጥ ከሆነ ሳሉን ይደብቃል። ትኩሳቱን በኪኒን አውርዶ ይመጣል። ያኔ ከላይ ያለው ሁሉ ዋጋ የለውም። መከላከያ ዕቃ ማቅረቡ ደግሞ ችሮታ አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የጣለባችሁ ግዴታ ነው።

በሽታው በትንፋሽ ካልሆነ

ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ማርበርግ መገኘቱ ሲረጋገጥ ብዙ ሰው ማስክ ሊገዛ ሮጠ። ማርበርግ የሚተላለፈው በታማሚው ደም፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ላብና በነካው ዕቃ ነው። በሽታው በታወቀበት አካባቢ ትኩሳት ኖሮት የሚያስመልሰው፣ የሚያስቀምጠው ወይም የሚደማ ሰው ካጋጠማችሁ የሥራ ቦታ እርዳታ ሰጪ አይነካውም። ወገብ ላይ ያለችው ቦርሳ ለዚህ አትበቃም። ሰዉን ለብቻው አስቀምጡ፣ ሁለት ሜትር ራቁ፣ ውሃ ከሩቅ አስቀምጡለት፣ ለጤና ባለሥልጣን ደውሉ። የተቀመጠበትን ማንም አያጽዳ፤ ባለሙያ ይምጣ። ክትትሉም እስከ 21 ቀን ነው።

ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት

የወገብ ቦርሳዋን መልሳችሁ ሙሉ፦ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ ኤን-95፣ ሁለት ማስክ፣ የጸዳ መነጽር፣ ሳኒታይዘር። የማይነካው ቆጥሮ ይፈርም። የማታው ፈረቃ ተረኛ ባዶ ቦርሳ አስሮ እንዳይገባ።